ማን ከማን ጋር ይኑር? የፍቅር ታሪኮቻችን የሚያነሡት ጥያቄ

በገረሴ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምናገረው ስለ ፍቅር ታሪክ ነው፤ በመጽሐፍ ስለተጻፈው፣ በሬዲዮ ስለተተረከው፣ በመድረክና በፊልም ስለታየው። ብዙ ሰው ይህን ጉዳይ የወጣቶች ጨዋታ አድርጎ ይመለከተዋል። አባት ልጁን ልብ ወለድ ይዞ ሲያገኘው «እሱን አስቀምጥና ትምህርትህን አጥና» ይለዋል። እናት ድራማው ሲጀምር ብትቀመጥ ሥራ እንደፈታች ይቆጠርባታል። እኔ ግን የፍቅር ታሪክ በአገራችን ሥነ ጽሑፍ ውስጥ እጅግ ከባድ የሆነ የማኅበራዊ ኑሮ ጥያቄ ተሸክሞ የኖረ ነው ብዬ አምናለሁ። ጥያቄው ይህ ነው፤ ማን ከማን ጋር መኖር ይፈቀድለታል? ፈቃዱን የሚሰጠውስ ማን ነው?

እናንተ የጋሞ ሰዎች ይህን ለመረዳት ከማንም ትቀርባላችሁ። ከባድ ጉዳይ ሲነሣ ሕዝቡ ወደ ጉባኤው አደባባይ፣ ወደ ዱቡሻ ይወጣል። ከሳሽም ተከሳሽም ይናገራል፣ ሽማግሌ ይመክራል፣ ወጋው ምን ይላል ተብሎ ይጠየቃል። ጥሩ የፍቅር ታሪክም ለአንድ ሕዝብ እንደዚያ ነው፤ ልማድ ራሱ ቆሞ የሚጠየቅበት ዱቡሻ ነው። በታሪኩ የሚዋደዱት ሁለቱ ወጣቶች ምስክሮች ናቸው፤ ፍርዱን የሚሰጠው አንባቢው ነው።

ይህ በዓለም ሁሉ ያለ ነገር ነው። የዐረቦቹ የለይላና የመጅኑን ታሪክ ከበረሃ ዘላኖች መካከል ተነሥቶ፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የፋርሱ ባለቅኔ ኒዛሚ በግጥም ጽፎት ከመካከለኛው እስያ እስከ ሕንድ ተዳርሷል። የእንግሊዙ ሼክስፒር የጻፈውን የሮሜዎንና የዡልየትን ታሪክ ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ መልሰውልናል። በሁለቱም ታሪኮች በፍቅረኞቹ መካከል የቆመው ዘመድ ነው። ደኒ ደ ሩዥሞን የተባለው የስዊዘርላንድ ጸሐፊ በ1939 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ፣ የምዕራቡ ዓለም የፍቅር ታሪክ የሚኖረው በእንቅፋት ነው፤ ፍቅረኞቹ ከተቃቀፉበት ቀን ይልቅ የተለያዩበትን ይወዳሉ የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ስለ እነርሱ ታሪኮች እውነት ሊሆን ይችላል። በእኛ ታሪኮች ውስጥ ግን እንቅፋቱን ፍቅረኞቹ አልፈለጉትም። ከእነርሱ በፊት ተሠርቶ የቆየ ግንብ ነው፤ ዘር፣ ማዕረግ፣ ሀብትና ይሉኝታ የገነቡት።

ከጥንቱ እንጀምር

በግእዝ ሥነ ጽሑፋችን የሁለት ሰዎች ፍቅር ለብቻው ቆሞ ብዙም አይገኝም። ክብረ ነገሥት የተጻፈው በ14ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ንግሥት ማክዳ ወደ ኢየሩሳሌም የሄደችው ጥበብ ፍለጋ ነው። ሰሎሞን ቅመም የበዛበት ምግብ አብልቶ፣ በመሐላ አስሮ፣ በውኃ ጥም አጥምዶ የፈለገውን አገኘ። ታሪኩ ከዚያ በኋላ ስለ ሁለቱ ናፍቆት አያወራም፤ ወደ ልጃቸው ወደ ምኒልክና ወደ ታቦተ ጽዮን ጉዞ ያልፋል። ሁለቱ የተገናኙት መንግሥት እንዲወለድ ነው።

መኃልየ መኃልይም አለ። የሙሽራና የሙሽሪት ዝማሬ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ግን በአንድምታ ሲተረጉሙት ሙሽራው ክርስቶስ፣ ሙሽሪቱ ቤተ ክርስቲያን ናት ይላሉ። ከግሪክ ተነሥቶ በብዙ ቋንቋ የዞረው የእስክንድር ታሪክ ወደ ግእዝ ሲገባ፣ ጀግናው ንጽሕናን የሚወድና እግዚአብሔርን የሚያመልክ ንጉሥ ሆነ። በገድሉ የታወቀው ገብረ ክርስቶስ ደግሞ በሠርጉ ሌሊት ሙሽራውን ትቶ የመነነ ነው።

እንግዲህ በቀደመው ትረካችን ታላቅ ፍቅር ሲነሣ መንገዱ ወደ ላይ ነበር፤ ወደ እግዚአብሔር፣ ወይም ወደ ዙፋን። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ በልብ ወለድ ዘመንም ይህ መልክ አልጠፋምና።

ልብስ ቀይራ የወጣችው ልጅ

በ1900 ዓ.ም. አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በሮም ከተማ አንድ አነስ ያለ መጽሐፍ አሳተሙ። «ልብ ወለድ ታሪክ» ይባላል፤ ብዙ ሰው «ጦቢያ» እያለ ያውቀዋል። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። አንድ የጦር አለቃ ይማረካል፤ አንድ ቸር ነጋዴ ገንዘብ ከፍሎ ያስፈታዋል። የአለቃው ልጅ ዋሕድ የነጋዴውን ውለታ ለመመለስ ከቤት ይወጣና እርሱም ለባርነት ይሸጣል። መንትያ እኅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትነሣለች። በመጨረሻ በአሕዛብ ንጉሥ ቤት ምሥጢሯ ይገለጣል፤ ንጉሡ ይወዳታል፣ ሃይማኖቷን ይቀበላል፣ ያገባታል።

አፈወርቅ ይህን ሲጽፉ ሁለት ነገር አደረጉ። አንደኛ፣ ፍቅር በጦርነት የተለያዩትን ሰዎች የሚያስታርቅ ኃይል ሆኖ ቀረበ። ሁለተኛ፣ የታሪኩ አንቀሳቃሽ ሴት ልጅ ሆነች። ይሁንና ያች ልጅ መንገድ ለመውጣት የወንድ ልብስ መልበስ ነበረባት። ሴት በሴትነቷ በአገሯ መንገድ ላይ ብቻዋን የማትሄድበት ዘመን መሆኑን ታሪኩ ሳይናገር ነገረን።

ከዚያ በኋላ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. የብርሃኔንና የጽዮን ሞገሳን ጋብቻ ጽፈው፣ ጋብቻ በምን ዕድሜና በምን ሁኔታ ቢሆን እንደሚበጅ ለማስተማር ልብ ወለድን ተጠቀሙ። ጥያቄው ከቤተ መንግሥት ወርዶ ወደ ተራው ሰው ጓዳ ገባ።

ፍቅር እስከ መቃብር

አሁን ሁላችሁም ወደምታውቁት መጽሐፍ እንምጣ። ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱት በ1902 ዓ.ም. በጎጃም ነው። በቅኔ ቤት አልፈዋል፤ በጣልያን ወረራ ዘመን ከራስ እምሩ ጋር ዘምተዋል፤ ተማርከው ኢጣልያ ታስረዋል፤ በኋላም አምባሳደርና ሚኒስትር ሆነዋል። ከዚህ ሁሉ ኑሮ በኋላ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ትልቅ ሥራ የፍቅር ታሪክ ሆነ። የአገሩን ጦርነትና የመንግሥቱን አሠራር ከውስጥ ያየ ሰው ለሕዝቡ የሚነግረውን ሲፈልግ ፍቅርን መረጠ። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም።

በዛብህ ከድኻ ቤት የተወለደ የስለት ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን ሰጥተውታል። ሰብለ ወንጌል የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት። አባቷ የመጣውን ጠያቂ ሁሉ «ዘሩ አይመጥነንም» እያሉ ሲመልሱ ዕድሜዋ እየገፋ ሄደ። በዛብህ መምህሯ ሆኖ ወደ ቤታቸው ገባ፤ ተዋደዱ። የሆነውን ታውቃላችሁ። እርሱ ይሸሻል፤ እርሷም የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ፍለጋ ትወጣለች። ስታገኘው በሽፍቶች ቆስሎ ሊሞት ተቃርቧል። ሲሞት እርሷ መንኵሳ መቃብሩን ትጠብቃለች፤ ሥርዓቱን ሲተች የኖረው ጉዱ ካሣም በመጨረሻ ከእነርሱ ጋር ይቀበራል።

ሦስት ነገሮችን እንድታስተውሉ እጠይቃለሁ።

የመጀመሪያው፣ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከወጣች ከ58 ዓመት በኋላ ሰብለም ልብስ ቀይራ መውጣቷ ነው። ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ሲያዩአቸው የኢትዮጵያ ሴት በራሷ ልብ መንገድ ለመሄድ የሌላ ሰው መልክ መዋስ እንደነበረባት ይታያል። ደራሲዎቻችን ይህን በስብከት አላሉትም፤ በልብስ አሳዩት።

ሁለተኛው፣ ሐዲስ የፍቅሩን ታሪክ ከገበሬው ጥያቄ ጋር አስተሳስረው መጻፋቸው ነው። ፊታውራሪ መሸሻ በልጃቸው ላይ ያላቸው ሥልጣንና በገባሮቻቸው ላይ ያላቸው ሥልጣን አንድ ነው። ገበሬው በአበጀ በለው መሪነት በግብር ጉዳይ ሲነሣባቸው፣ ያው ልጃቸውን ለማንም አልሰጥም ያለው ትዕቢት ነው የሚፈተነው። ጉዱ ካሣም ይህን አይቶ ሥርዓቱ ከታች ያለውን እየተጫነ እንደቆመ ይናገር ነበር፤ ሰዎች እብድ አሉት። መጽሐፉ ከወጣ ከ8 ዓመት በኋላ በ1966 አብዮት ፈነዳ። አብዮቱን ልብ ወለድ አመጣው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ብዙ አንባቢ ለሁለት ወጣቶች ሲያለቅስ የባላባቱ ሥርዓት ክፉ መሆኑን በልቡ ፈርዶ ነበር።

ሦስተኛው፣ የመጨረሻው መልክ ነው። ሼክስፒር ፍቅረኞቹን በመርዝና በጩቤ ለያቸው። ሐዲስ ግን ሰብለን አመነኰሷት። ቀደም ሲል ያዙልኝ ያልኋችሁ ይህ ነው። የጥንቱ ገድል ታላቅ ፍቅርን ወደ ምናኔ ይመራ ነበር፤ ሐዲስም ያንኑ መንገድ ተከተሉ። ለውጡ ምንድን ነው? ገብረ ክርስቶስ ሙሽራውን ትቶ መነነ፤ ሰብለ ግን ሙሽራዋን ይዛ መነነች። የሰው ፍቅር ራሱ ቅዱስ ሆኖ ተቆጠረ። ለእኔ በአማርኛ ልብ ወለድ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ደፋር እርምጃ የለም።

ከመጽሐፍ ወደ ሕዝብ ጆሮ

መጽሐፍ የሚያነበው ሰው ጥቂት በነበረበት ጊዜ ይህን ታሪክ ወደ ሕዝብ ያደረሰው ሬዲዮ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው የኢትዮጵያ ሬዲዮ ዝግጅት ፍቅር እስከ መቃብርን ሲተርክ፣ ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች ሳይቀሩ ፊታውራሪ መሸሻንና ጉዱ ካሣን እንደ ጎረቤት አወቋቸው። አንድ ሬዲዮ ባለበት ቤት ሰፈሩ ተሰብስቦ ያዳምጥ ነበር። አባትና ልጅ፣ አማትና ምራት አብረው ተቀምጠው ስለ ጋብቻ ፍትሕ ሰሙ። በቅርቡ ደግሞ ታሪኩ በቴሌቪዥን ድራማነት ለአዲሱ ትውልድ ቀርቧል።

መድረኩም የራሱን ሠርቷል። መንግሥቱ ለማ በ1950ዎቹ ሁለት አስቂኝ ተውኔቶች ጻፉ። «ያላቻ ጋብቻ» የተማረ ሰው የቤት ሠራተኛውን ቢያገባ ምን ይሆናል ብሎ ይጠይቃል። «ጠልፎ በኪሴ» ደግሞ ጠለፋን በሳቅ ያጋልጣል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር በግልጽ መናገር እወዳለሁ፤ ጠለፋ ፍቅር አይደለም። በብዙ አካባቢ ጠለፋ እንደ ጀግንነት ሲወራ ኖሯል። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እንኳ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባ ክሱ የሚቀርበትን መንገድ ትቶለት ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ የተጠለፈች ታዳጊ ጠላፊዋን ገድላ ስትከሰስ፣ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆሞላት ራሷን ተከላክላለች ተብላ ነፃ ወጣች። ጉዳዩን «ድፍረት» በተባለው ፊልም ዓለም አየው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ጋብቻ በሁለቱ ተጋቢዎች ነፃ ፈቃድ እንዲሆንና ዕድሜው ከ18 ዓመት እንዳያንስ ደነገገ፤ ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አወጡ። በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ ጠላፊው ቢያገባትም ከቅጣት እንደማያመልጥ ጻፈ። እንግዲህ ወጣቶች፣ አንድ ታሪክ የፍቅር ታሪክ መሆን አለመሆኑን ለመለየት አንድ መስፈሪያ አለ፤ ልጅቱ እሺ ብላለች? መልሱ አዎ ካልሆነ ዘፈኑ ቢያምርም ያ ታሪክ የግፍ ታሪክ ነው።

አዳዲስ ግንቦች

ዘመኑ ሲለወጥ በፍቅረኞች መካከል የሚቆመው ግንብም ተለወጠ። በ1975 ዓ.ም. በወጣው «ኦሮማይ» በዓሉ ግርማ ጋዜጠኛውን ጸጋዬን በአዲስ አበባ እጮኛ እያለችው በአሥመራ ከፊያሜታ ጋር ያገናኘዋል። እዚያ በመካከል የቆመው ዘር ወይም ባላባት አይደለም፤ ጦርነትና ስለላ ነው። ሰው የሚወዳትን ሴት ማን እንደሆነች እንኳ የማያውቅበት ዘመን። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ በዓሉም በ1976 ዓ.ም. ከወጣበት ሳይመለስ ቀረ። መንግሥት የፍቅር ታሪክን እንደዚያ የፈራው ዱቡሻ መሆኑን ስላወቀ ነው።

ከዚያ በኋላ በመጡት ፊልሞችና ድራማዎች ውስጥ ኤች አይ ቪ፣ ስደት፣ ሥራ አጥነትና የሀብት ልዩነት ተራ በተራ ግንብ ሆነው ታዩ። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ ወደ ቤታችን ገቡ። አንዳንዶች ይህን ባህል የሚያጠፋ ጎርፍ አድርገው ያዩታል። እኔ እዚህ ላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የኢስታንቡል ባለጸጋ ቤተሰብ ምራቱን እንዴት እንደሚንቅ በየምሽቱ እያየን፣ በገዛ ቀያችን ያለውን ንቀት ሳናይ እንዳንቀር እሰጋለሁ።

በደጋው ያለው ታሪክ

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። ጋሞ ስለ ጋብቻ ሁለት ዓይነት ክልከላ አለው። አንደኛው የአንድ ጎሳ ልጆች እንዳይጋቡ የሚከለክለው ነው። ይህ ዝምድናን ይጠብቃል፤ ወጣቱም ከሌላ ጎሳ አግብቶ ወዳጅነትን ያሰፋል። ሁለተኛው በማላ፣ በማና እና በደጋላ መካከል የቆመው ነው። ማላ ገበሬው፣ ማና ሸክላ ሠሪው፣ ደጋላ ቆዳ የሚፍቀውና ብረት የሚቀጠቅጠው። በእነዚህ መካከል መጋባት ጎሜ ነው፣ መዓት ያመጣል ተብሎ ኖሯል።

ሁለቱን ክልከላዎች እኩል ማየት አይገባም። የመጀመሪያው ማንንም ዝቅ አያደርግም። ሁለተኛው ግን ምግባችንን የምናበስልበትን ድስት የሠራችውን እናት ልጅ ከበር ያቆማል፤ ማረሻችንን የሳለውን ሰው ወንድ ልጅ «አትጠይቅ» ይለዋል። ትምህርት ቤት፣ ቤተ እምነትና ሕግ ይህን ግንብ ብዙ አላልተውታል። ቢሆንም የጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ የዘር ጥያቄው በሹክሹክታ እንደሚነሣ በዚህ አዳራሽ ያላችሁ ታውቃላችሁ። ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም ያዩት «ዘሩ አይመጥነንም» እዚህም በሌላ ስም ይኖራል።

ይህን ታሪክ የሚጽፍ ሰው የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ በእጁ ነው። የደጋው ጭጋግና የእንሰት ጓሮ አለ። በመስቀል ሰሞን አዲስ ሙሽሮች ወደ ገበያ ወጥተው ሕዝብ የሚያያቸው የሶፌ ሥርዓት አለ። ፈትልና ሸማ ይዞ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የወረደ ሸማኔ አለ፤ ቤቷ ተቀምጣ የምትጠብቀው ሚስት አለች። ሸክላ ተሸክማ ገበያ የምትወጣ ልጅና ከእርሷ ጋር አንድ ክፍል የተማረ የገበሬ ልጅ አለ። በጋሞኛም ይጻፍ በአማርኛ፣ ይህ ታሪክ ከየትኛውም የውጭ ድራማ የበለጠ የእኛ ነው።

አደራ

ለመምህራን፦ ፍቅር እስከ መቃብርን ስታስተምሩ «ጭብጡ ምንድን ነው» ብላችሁ መልስ አስጽፋችሁ አትለፉ። «በእኛ ቀዬ ፊታውራሪ መሸሻ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ተማሪው ዝም ካለ ታገሡት፤ ዝምታውም ሐሳብ ነው።

ለወጣቶች፦ የምታነቡትንና የምታዩትን የፍቅር ታሪክ ሁሉ በሁለት ጥያቄ መዝኑ። ሴቲቱ በፈቃዷ ናት ወይ? ግንቡን የሠራው ማን ነው? ከዚያ ጻፉ። አያቶቻችሁን ስለ ጋብቻቸው ጠይቁ፤ በማን ሽምግልና፣ በምን እሺታ፣ በምን እንባ እንደተጋቡ ይንገሯችሁ፤ ሳይጠፋ መዝግቡት።

ለአባቶቻችን፦ በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ወጣቱ በበቀል ሲነሣ እርጥብ ሣር ይዛችሁ፣ መሬት ላይ ተንበርክካችሁ ያቆማችሁት እናንተ ናችሁ። አገር ሁሉ ያንን አይቶ አክብሯችኋል። ቁጣን ያበረደ ሽምግልና ንቀትንም ማብረድ ይችላል። ዘንድሮ ዱቡሻ ስትወጡ፣ ማላ ማናን ቢያገባ ጎሜ አይሆንም የሚለውን ቃል ከእናንተ አፍ እንስማ። እኛ ጸሐፊዎች ስለ ተለያዩ ፍቅረኞች ብዙ ጽፈናል፤ የተፈቀደላቸውን ሰዎች ታሪክ እንድንጽፍ ፍቀዱልን።